የሌሊቱን እንቅልፍ በቀን ስለ ማዘጋጀት

ሰው ያለ ምግብና ያለ ውኃ መኖር እንደማይችል የሚጠራጠር የለም። እንቅልፍም ከእነዚህ ጋር የሚቈጠር የሕይወት ፍላጎት መሆኑን ግን ብዙዎች ይዘነጋሉ። ምግብ ያጣ ሰው መራቡን ያውቃል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ድካሙን በሥራ ብዛት፣ ቍጣውን በባልንጀራው ጠባይ፣ ዝንጋታውንም በዕድሜው እያመካኘ ብዙ ዘመን ይቈያል። ስንተኛ ሰውነታችን ሥራ ፈትቶ የሚያድር አይደለም። ልጆችን የሚያሳድገው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው፤ በቀን የተማርነው ትምህርት በአእምሯችን ውስጥ የሚደላደለውም ሌሊት ነው፤ በሽታን የሚከላከለው የሰውነት ኃይልም በዚያው ይታደሳል።

ስለ እንቅልፍ ምክር የሚሹ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ማታ ምን ብንበላ፣ ምን ብንጠጣ እንቅልፍ ይወስደናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በስፍራው እናቀርባለን። ነገር ግን አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲያውቁልን የምንፈልገው፣ መልካም እንቅልፍ በመኝታ ሰዓት በሚወሰድ አንድ ነገር የሚመጣ ሳይሆን ከንጋት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የሚዘጋጅ መሆኑን ነው።

ፉሪና ሌሊቱ

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነንን ስፍራ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በኩል፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ የፉሪ ሰፈር ይገኛል። ስሙን የሚጋራው የፉሪ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ የመንገደኞች ጣቢያው በዚሁ በፉሪ ለቡ ሆኗል። በሐና ማርያም፣ በለቡና በጀሞ በኩልም ቤት በቤት ላይ እየተሠራ ከተማው ወደ ተራራው ግርጌ ተጠግቷል።

እንዲህ ባለው ሰፈር እንቅልፍን የሚፈታተኑት ነገሮች ሁሉ በአንድነት ይገኛሉ። የሥራ ቦታው መካከል ከተማ የሆነ ሰው ታክሲ ወይም አውቶቡስ ለመያዝ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ማታም አምሽቶ ይመለሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚወርድ ቤተ ሰቡ በእሳት ዙሪያ ይሰበሰባል። ቡናው የሚፈላው፣ እራቱ የሚቀርበው፣ ልጆቹም የሚያጠኑት በዚያው በመሸው ሰዓት ነው። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ለፉሪ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ኑሮው ይህን ለሚመስል ለማንኛውም ከተሜ ነው።

የንጋት ብርሃን

የአገራችን ሰዓት ቀኑን የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ይህ የአባቶቻችን አቈጣጠር በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሰዓት ጋር ይስማማል። ይህ የሰውነት ሰዓት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንቦች ላይ መርምረው የደረሱበት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሰዓቱን በየቀኑ የሚያቃናው ዋነኛው ነገር በዐይን በኩል የሚገባው የጧት ብርሃን ነው። ጧት ብርሃን ያየ ሰውነት ማታ በጊዜው ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ሆርሞን ሌሊት መድረሱን ለአካላት ሁሉ ያስታውቃል።

በአዲስ አበባ የረዥሙ ቀንና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በክረምት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከሚታይባቸው ከሰሜን አውሮፓ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ስለዚህ ከመኝታ በተነሣን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያህል ከቤት ውጭ መቈየት፣ ወይም እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ በእግር መሄድ ይጠቅማል። ከዚህም ጋር የመነሻ ሰዓት በሥራ ቀንም ሆነ በዕረፍት ቀን አንድ ዓይነት ይሁን። እሑድ እስከ ረፋድ የሚተኛ ሰው እሑድ ማታ እንቅልፍ እንቢ ቢለው ሊደነቅ አይገባውም።

የቡናው ሰዓት

ቡና ከአገራችን ለዓለም የተሰጠ መጠጥ ነው፤ ጎረቤትን ያገናኛል፣ የተጣላን ያስታርቃል፣ ያዘነን ያጽናናል። ስለዚህ እኛ ቡና ይቅር አንልም፤ ሰዓቱ ይታሰብበት እንላለን።

ነቅተን በምንውልበት ጊዜ አድኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ማታ ዐይናችንን የሚያከብደው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ሩንጌ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ካፌይን ደግሞ በአንጎል ውስጥ የአድኖሲንን ስፍራ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ ከሰውነት አልወጣም፤ ድካሙን የሚነግረን መልእክተኛ ግን ከበር ውጭ ቀርቷል። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቡና የጠጣ ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የዚያ ካፌይን እኩሌታው ገና በደሙ ውስጥ ይዞራል። በነፍሰ ጡሮች ዘንድ ደግሞ ጊዜው ከዚህ እጅግ ይረዝማል።

«እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚሉ አሉ። እንቅልፍስ ሊወስዳቸው ይችላል፤ ነገር ግን ጥልቁ እንቅልፍ ስለሚቀንስባቸው ጧት የሚነሡት ደክሟቸው ነው። ድካሙን ለማባረር ሌላ ቡና ይጠጣሉ፤ እንዲህ እየሆነ ቡናው እንቅልፍ ማጣትን፣ እንቅልፍ ማጣቱም ቡናውን ሲጠራ ይኖራል።

አቦሉም ቶናውም በረካውም ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቢጠናቀቁ መልካም ነው። ሻይና ኮካ ኮላን የመሳሰሉ መጠጦችም ካፌይን እንዳለባቸው መዘንጋት አይገባም። ማታ እንግዳ ቢመጣ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝ የገብስ ቡና፣ ወይም ሻይ ቅጠል ሳይገባበት በዝንጅብል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ የፈላ ውኃ ከቆሎ ጋር ማቅረብ ይቻላል። ለተማሪ ልጅ «ለጥናት ያነቃሃል» ብሎ ማታ ቡና መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ጫት፣ መጠጥና ዱካክ

ጫት እንቅልፍን የሚያባርረው በውስጡ ባለው ካቲኖን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ለሌሊት ጥናትና ለሌሊት መንዳት ይጠቅማል ተብሎ ይቃማል፤ ነገር ግን የተባረረው እንቅልፍ ዕዳ ሆኖ ይቈያል እንጂ አይሰረዝም። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቈየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። ይህ ማለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መሪ ሲይዝ፣ አንድ ጠብታ መጠጥ ሳይቀምስ እንደ ጠጣ ሰው ነው ማለት ነው።

ጠጅ፣ ጠላና አረቄ በተቃራኒው እንቅልፍ የሚያመጡ ይመስላሉ። እርግጥ ነው፣ የጠጣ ሰው ቶሎ ይተኛል፤ ሆኖም አልኮሉ በሰውነቱ ውስጥ እየተቃጠለ ሲሄድ እንቅልፉ በሌሊቱ ሁለተኛ እኩሌታ ይቈራረጣል፤ ኩርፊያውም ይብስበታል።

በዚህ ስፍራ ስለ ዱካክ ጥቂት መናገር ይገባናል። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ዐይኑ እያየ፣ አካሉን ማንቀሳቀስና መጮኽ ሲያቅተው፣ ደረቱም ላይ የሆነ ነገር የተጫነው ሲመስለው ዱካክ ያዘው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 አሰሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ዐይኑ በሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አስታወቁ። ብዙ ሕልም የምናየው በዚህ ክፍል ነው፤ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንዳንወድቅም ጡንቻዎቻችን ለጊዜው ይላላሉ። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ጡንቻዎቹ ገና ሳይፈቱ ይቀራሉ፤ ዱካክ የተባለው ይኸው ነው። አስፈሪ ቢሆንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ ሕይወትንም አይጎዳም። እንቅልፍ ባነሰው፣ የመኝታ ሰዓቱ በሚለዋወጥበትና በጀርባው በሚተኛ ሰው ላይ ይበረታል። ጫት ያቆመ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በቅዠት ሊጨነቅ ይችላል፤ ይህ የሚያልፍ ነገር መሆኑን ዐውቆ ይጽና እንጂ ወደ ጫቱ አይመለስ።

ስለ እራት

እራት ከመኝታ 2 ወይም 3 ሰዓት አስቀድሞ ቢበላ ለሆድም ለእንቅልፍም ይመቻል። ሆዱን ሞልቶ ወዲያው የሚጋደም ሰው የጨጓራው አሲድ ወደ ጕሮሮው እየወጣ ያቃጥለዋል፤ ጮማ፣ ቅቤና በርበሬ የበዛበት ወጥ ደግሞ ይህን ያብሳል። ስለዚህ ጥብሱና ቀይ ወጡ ለምሳ ይሁኑ፤ ለማታ ክክ አልጫ፣ ለስ ያለ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንችና ካሮት ይስማማሉ። ጾም በሚፈታበት ቀንም ሆድን በአንድ ጊዜ ከማስጨነቅ ቀስ በቀስ ማስለመድ ይሻላል። በረመዳን ወር ለሱሑር የሚነሡ ወገኖቻችንም የተቈረሰባቸውን እንቅልፍ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት በሚደረግ አጭር ዕረፍት ሊያካክሱት ይችላሉ።

እንቅልፍ ያመጣሉ ስለሚባሉት ምግቦች እውነቱን እንናገር። የተሟላ የእንቅልፍ መድኃኒት የሆነ ምግብ የለም። ለብ ያለ ወተት፣ ሙዝ፣ ሽምብራና የዱባ ፍሬ ሰውነት ሜላቶኒንን የሚሠራበትን ትሪፕቶፋን የተባለ ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ኃይላቸው ግን መጠነኛ ነው። ይልቁንም ጥቅማቸው ቀለል ያሉና ረኃብን የሚያስታግሡ መሆናቸው ነው። ርቦት የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ቶሎ ይሸሻልና፣ በመኝታ ሰዓት ሆዱ ባዶ የሆነበት አንድ ስኒ ወተት፣ በጾም ወራት ደግሞ ቀጠን ያለ የአጃ አጥሚት ቢጠጣ ይረዳዋል።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮች፣ ማታ በተጋደሙ ጊዜ እግራቸውን ይነዝራቸዋል፤ ካላንቀሳቀሱትም አያርፉም። ይህ ሕመም ከብረት ማዕድን ማነስ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ደማቸውን ቢመረመሩ ይበጃል። ምስር፣ ጎመንና ሥጋ ብረት ይሰጣሉ፤ ሎሚና ቲማቲም ከምግቡ ጋር ሲቀርቡ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛሉ፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ይከለክለዋል።

የመኝታው ክፍል

መኝታ ክፍል ጨለማ፣ ጸጥተኛና ነፋሻ ሊሆን ይገባዋል። የእጅ ስልክና ቴሌቪዥን የሚሰጡት ብርሃን ሜላቶኒንን ስለሚያዘገይ ከመኝታ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ቢዘጉ፣ ስልኩም ከአልጋ ርቆ ቢያድር ጥሩ ነው። ትኋንና ቁንጫ ያለበት አልጋ ላይ ከዚህ በላይ የጻፍነው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ይታጠቡ፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ይሙቁ፤ የአልጋው ስንጥቆች ይመርመሩ፤ ወለሉ በየቀኑ ይጠረግ። ለእርሻ ተባይ የተሠራ መርዝ በመኝታ ክፍል መርጨት ግን ተባዩን ሳይሆን ሕፃናቱን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ ነው።

ከተጋደሙ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ እየተገላበጡ ከመጨነቅ ይልቅ መነሣትና በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ማድረግ፣ እንቅልፍ ሲመጣም ተመልሶ መተኛት ይሻላል።

ስለ ከሰል እሳት

ከሁሉ አብልጠን የምናሳስበው ይህን ነው። የምሽቱ ቡና ካበቃ በኋላ ፍም የቀረበትን የከሰል ምድጃ ለሙቀት ሲባል ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት በብርዱ ወራት ቤተ ሰብ በሞላ የሚጠፋበት አደጋ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም፤ ጕሮሮ አይከረክርም። ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን በሚያዝበት ስፍራ ላይ ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ሲያመው ሊጠረጥርና ሊወጣ ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳያውቅ ከእንቅልፉ ወደ ሞት ይሻገራል።

«ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ፍጹም ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው ፍም ጋዙን መስጠቱን አያቆምም። ፍሙን በዐመድ መዳፈንም፣ ዕጣን ማጨስም አያድንም። ምድጃው ሰው ከመተኛቱ በፊት ከቤት ወጥቶ ይደር። ሙቀት ለሚያስፈልገው ጋቢና ብርድ ልብስ መደረብ፣ ካልሲ ማድረግ፣ ወይም በደንብ የተከደነ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በእግር በኩል ማስቀመጥ ይበቃዋል።

ከሰል በነደደበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት በተሰማ ጊዜ፣ ይልቁንም ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ባመመ ጊዜ፣ ወዲያው በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰዎቹም ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በአዲስ አበባም በ939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ይጠራ። የተሻለው የሚመስል ሰውም ሐኪም ሳያየው መቅረት የለበትም።

ለመምህራን

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደብተሩ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ተብሎ ይገሠጻል። ከመገሠጹ በፊት ግን «ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ? የተኛኸውስ ከማን ጋርና በየትኛው ክፍል ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ምክንያቱ ይገኛል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ዐዋቂም ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል።

በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ሒሳቡ ቀላል ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሣ የ9 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢተኛ የሚያገኘው 9 ሰዓት፣ ይኸውም ትንሹን ልክ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢተኛ 10 ሰዓት ያገኛል። እስከ 5 ሰዓት ቴሌቪዥን ሲያይ ያመሸ ልጅ ግን የሚተርፈው 7 ሰዓት ብቻ ነው። መምህሩ ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ቢያሠራ ተማሪዎቹ ሒሳብም ጤናም በአንድነት ይማራሉ። ከዚሁም ጋር ስለ ከሰሉ አደጋ በክፍል ውስጥ ቢነገራቸው፣ ቃሉን ወደ ቤታቸው ወስደው ወላጆቻቸውን የሚያስጠነቅቁት እነርሱ ናቸው።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ፈጽሞ፣ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወርም ያህል እንቅልፍ ያጣ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አጥብቆ የሚያንኮራፋና በመካከሉ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ሌሊቱን ተኝቶም ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ሳይጠብቅ ይመርመር። ሐዘንና ጭንቀት እንቅልፍ የነሣውም ሰው ነገሩን ለሐኪም ቢያወያይ ነውር የለበትም። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት፣ ወይም ለጎረቤት ከታዘዘው መካፈል ግን ሱስና አደጋ ያስከትላል።

እንግዲህ ነገራችንን በአጭሩ ስንሰበስበው፦ ንጋት ላይ በአንድ ሰዓት መነሣትና ብርሃን ማየት፤ ቡናን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ማጠናቀቅ፤ እራትን በጊዜና በልክ መብላት፤ ከመኝታ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ስልክና ቴሌቪዥን መዝጋት፤ መኝታን በንጽሕና መያዝ፤ የከሰል ምድጃን ከቤት ማስወጣት ነው። ከእነዚህ አንዱም ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የቤት አባወራም ሆነ እመቤት ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ምድጃው ውጭ መሆኑን በዐይናቸው አይተው እንዲያረጋግጡ በአክብሮት እናሳስባለን።